የሰጠመ ጥንታዊ መርከብ ፍለጋ፦ ለየትኛው ባሕር የትኛው መሣሪያ?

የጥንት መርከብ ፍለጋ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ምርጡ መሣሪያ የቱ ነው?» የሚል ነው። በድምፅ የሚቃኘው ሶናር ነው? ሮቦቱ ነው? እንዲህ ሲጠየቅ ግን መልስ የለውም። ሦስት ነገር ሳይታወቅ መሣሪያ አይመረጥም። መርከቡ ከምን ተሠራ፣ ምንስ ጭኖ ነበር? የተኛው አሸዋ ላይ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ነው ወይስ ኮራል መሃል? ጥልቀቱስ ስንት ነው? አራተኛም ጥያቄ አለ፤ እሱን ብዙዎች የሚያስታውሱት ከረፈደ በኋላ ነው። ከውኃ የወጣውን ነገር ማን፣ የት፣ ለስንት ዓመት ይንከባከበዋል?

እነዚህን ይዘን አማራጮቹን እንያቸው። ለየትኛው እንደማደላ አልደብቅም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ ሰዉ

ከሁሉም አማራጭ ርካሹ ወንበርና መብራት ነው።

ሜል ፊሸር የተባለው አሜሪካዊ በ1622 ፍሎሪዳ ደሴቶች አጠገብ የሰጠመችውን የስፔን መርከብ አቶቻን ለ16 ዓመት ፈልጓል። መጀመሪያ የሚለፋው ማቴኩምቤ በሚባሉ ደሴቶች ዙሪያ ነበር። ጀልባው ነበረው። ጠላቂው ነበረው። መሣሪያው ነበረው። ቦታው ግን አልነበረውም። ዩጂን ላየን የተባለ የታሪክ ሰው ደግሞ ስፔን፣ ሴቪል ከተማ ባለው የኢንዲስ ቤተ መዛግብት ቁጭ ብሎ ብል የበላቸውን ወረቀቶች ያገላብጥ ነበር። ከዚያ ስፔኖች ራሳቸው ጭነቱን ለማውጣት ሲሞክሩ የጻፉትን ሰነድ አገኘ። ቦታውን የማርኪሱ ደሴቶች ይለዋል። ከማቴኩምቤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ፍለጋው ወደዚያ ዞረ። በ1973 የብር ጡቦች ወጡ፤ በላያቸው የተቀረጸው ቁጥር በመርከቧ የጭነት መዝገብ ከሰፈረው ጋር ገጠመ። ዋናው ክምር የተገኘው ጁላይ 20 ቀን 1985 ነው። ዓለም የሚያስታውሰው ፊሸርንና ወርቁን ነው። የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረስ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ርካሽ መሣሪያ የአካባቢው ሰው ነው። ፍራንክሊን የተባለ እንግሊዛዊ የመራው ጉዞ ሁለት መርከቦች፣ ኤሬበስና ቴረር፣ በ1840ዎቹ ካናዳ አርክቲክ በረዶ ውስጥ ቀሩ። የአገሩ ተወላጆች ኢኑዊቶች ያዩትን ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርዱት ኖሩ። የፈረንጅ ፈላጊ ግን ለረጅም ጊዜ ጆሮ አልሰጣቸውም። ኤሬበስ በ2014 የተገኘችው የእነሱ ታሪክ በጠቆመው አካባቢ ነው፤ ያውም 11 ሜትር ብቻ በሆነ ውኃ። ቴረርን በ2016 ለማግኘት ያበቃው ሳሚ ኮግቪክ የተባለ የአገሩ ሰው ጥቆማ ነው። ከዓመታት በፊት ከበረዶው ላይ ብቅ ያለ ምሰሶ አይቶ ነበር።

ቱርክ ውስጥ ደግሞ የባሕር አርኪዮሎጂ ሰዎች በየወደቡ እየዞሩ ከባሕር ሥር ስፖንጅ ለሚለቅሙ ጠላቂዎች የጥንት ዕቃ ሥዕል ያሳዩ ነበር። በ1982 አንድ ጠላቂ ወጥቶ ጆሮ ያለው የብረት ብስኩት አየሁ ብሎ ተናገረ። ያየው የመዳብ ጥፍጥፍ ነበር። አራት ጫፉ እንደ ጆሮ ወጣ ወጣ ብሏል። በዚህ ቃል የተነሳ ኡሉቡሩን የተባለው መርከብ ተገኘ። ዕድሜው ከ3,300 ዓመት በላይ ነው። በጭነቱ ውስጥ የዝሆን ጥርስ፣ የጉማሬ ጥርስና ከአፍሪካ የመጣ የዞጲ እንጨት ግንድ ነበረበት። ይህን ሁሉ ያስገኘው የወደብ ወሬ ነው።

ወረቀቱም የሰው ቃሉም ከተሰበሰበ በኋላ ወደ ካርታ ይለወጣል። በ1857 በማዕበል የሰጠመችውን ሴንትራል አሜሪካ የተባለች መርከብ ለመፈለግ የሒሳብ ሰው የሆነው ላውረንስ ስቶን ያደረገው ይህንን ነው። የተረፉትን ሰዎች ቃልና የሌሎች መርከቦችን መዝገብ ወሰደ። ባሕሩን በካሬ ከፋፈለ። ለእያንዳንዱ ካሬ መርከቧ እዚያ የመኖሯን ዕድል በቁጥር ሰጠ። ፈላጊዎቹ በ1988፣ 2,200 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አገኟት። ካሬ ሠርቶ ዕድል መስጠት ዛሬ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ይህን ሳያደርግ ባሕር የሚወጣ ቡድን ካለ ተውት፣ ገንዘባችሁን አትስጡት።

ሶናር ወይስ ማግኔቶሜትር?

ወጪው ከዚህ ይጀምራል። ባሕር ላይ ትልቁን ገንዘብ የሚበላው ጀልባው፣ ነዳጁና የሠራተኛው አበል ነው። መሣሪያ ተሳሳታችሁ ማለት ያ ሁሉ ቀን ተቃጠለ ማለት ነው።

ጎን ቃኚ ሶናር ትንሽ ቶርፔዶ ይመስላል። ባለሙያዎቹ «ዓሣው» ይሉታል። ከጀልባ ኋላ በኬብል ታስሮ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ይጎተታል። ግራና ቀኝ ድምፅ ይለቃል፤ ነጥሮ የሚመለሰውን ይሰማል፤ ከዚያ ስክሪን ላይ ሥዕል ይሥላል። ጀልባዋ እንደሚያርስ ገበሬ ናት። አንዱን ትልም ትጨርሳለች፣ ትዞራለች፣ ከጎኑ ሌላ ታወጣለች። ትልሞቹ ትንሽ መደራረብ አለባቸው። አለዚያ በመሃል ያልታረሰ መሬት ይቀራል፤ መርከቡም የሚገኘው እዚያች ላይ ሊሆን ይችላል።

ስክሪኑ ፊት የተቀመጠ ሰው የሚያየው ይህን ነው። ወርቅማ ቡናማ ሥዕል ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወርዳል። አሸዋ። አሸዋ። የዓሣ መንጋ። እንደገና አሸዋ። ድንገት ደማቅ ነጥብ ብቅ ይላል፤ ከኋላው ጥቁር ጥላ ተከትሎታል። ጀማሪ ደማቁን ያያል። ልምድ ያለው ጥላውን ያያል። ድምፁ ያልደረሰበት ቦታ ስለሚጠቁር፣ ጥላው የነገሩን ቁመትና ቅርጽ ይናገራል። ድንጋይ ቅርጽ የሌለው ጥላ ይጥላል። የቆመ ምሰሶ እንደ ክር ቀጥ ያለ ጥላ ይጥላል። በእኩል ርቀት የተደረደሩ አጫጭር ጥላዎች ከታዩ ደግሞ ልብ ይመታል፤ የመርከብ የጎን አጥንት ሊሆኑ ይችላሉ።

ሶናር ሲመረጥ የሚያስጨንቀው የድምፁ ድግግሞሽ ነው። ዝቅተኛው፣ 100 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያለው፣ በእያንዳንዱ ጎን በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ያያል። ሥዕሉ ግን ድብዝዝ ያለ ነው። ከ500 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ሩቅ ግን አያይም። ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ካገኛችሁ እሱን ያዙ። በዝቅተኛው ትፈልጋላችሁ፣ በከፍተኛው ትለያላችሁ።

ሶናር የተቀበረ ነገር አያይም። ኮራልና አለት በበዛበት ደግሞ ሁሉም ነገር መርከብ ይመስላል። ጥሩ ሶናርም በጥሩ ሰዎች እጅ ሆኖ ሊስት ይችላል። በ1985 ታይታኒክን ሲፈልጉ የፈረንሳዩ ቡድን በራሱ ሶናር ለሳምንታት ባሕሩን ቃኝቶ አላገኘም። ቀጥሎ ሮበርት ባላርድና ዣን ሉዊ ሚሼል አርጎ የተባለ የሚጎተት ካሜራ ይዘው መጡ። ባላርድ ከሰጠሙት ሁለት የአሜሪካ ኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች የተማረው ነገር ነበር። መርከብ ወደ ታች ሲወርድ ስብርባሪው በባሕሩ ፍሰት ተወስዶ ረጅም ጭራ ይሠራል። ጭራው ከመርከቡ ይረዝማል፤ ስለዚህ ጭራውን መፈለግ ይቀላል። ሴፕቴምበር 1 ቀን ሌሊት፣ 3,800 ሜትር ላይ፣ ካሜራው ላይ መጀመሪያ የመጣው ቦይለር (የእንፋሎት ማፍያ ጋን) ነው። ቦይለሩ የታይታኒክ መሆኑን የለዩት ከድሮ ፎቶ ጋር አስተያይተው ነው።

ማግኔቶሜትር ሌላ ነገር ነው። ሥዕል አይሰጥም፤ ቁጥር ነው የሚሰጠው። የምድርን ማግኔታዊ መስክ እየለካ ይሄዳል። አጠገቡ ብዙ ብረት ካለ ቁጥሩ ይዘላል። ብረቱ አሸዋ ለብሶ፣ ኮራል ወርሶት ቢሆን ግድ የለውም። ለመድፍ ዘመን መርከብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መድፉ፣ መልህቁ፣ ሚስማሩ፣ የመድፍ ጥይቱ ሁሉ ይጣራል።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንዱ ርቀት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ወደ ወለሉ ተጠግቶ፣ ትልሙን አጠጋግቶ መሄድ ግድ ነው፤ ሥራው ቀርፋፋ ነው። ሌላው፣ ከብረት በቀር የሚያውቀው የለም ማለት ይቻላል። ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ፣ ነሐስ፣ እንጨት ለእሱ ውኃ ናቸው፤ የሸክላ ክምርም የሚሰጠው ምልክት ደካማ ነው። ኡሉቡሩን 10 ቶን መዳብና 1 ቶን ቆርቆሮ (ቲን) ጭኖ ነበር። 24ቱ መልህቆቹ ድንጋይ ናቸው። ማግኔቶሜትር በላዩ ላይ ቢጎተት ዝም ብሎ ያልፍ ነበር።

በሌላ በኩል የፈረንሳዩ ተጓዥ ላ ሳል መርከብ፣ ላ ቤል፣ በ1686 ቴክሳስ ማታጎርዳ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ሰጥማ ደለል ዋጣት። ውኃው ድፍርስ ነው። ጠላቂ የራሱን እጅ አያይም። በ1995 ያስገኛት ማግኔቶሜትር ነው። በዚያው ዓመት ሃንሊ የተባለችውን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሰርጓጅ መርከብም ያስገኘው እሱ ነው። 9 ሜትር ገደማ ውኃ ውስጥ፣ አንድ ሜትር ያህል ደለል ለብሳ ነበር። ጎን ቃኚ ሶናር እዚያ ቦታ ላይ የሚያሳየው ለጥ ያለ ወለል ብቻ ነው።

ከወለል በታች የሚያይ ሶናርም አለ። ዝቅ ያለ ድምፁ ጭቃውን ዘልቆ ገብቶ ንብርብሩን እንደተቆረጠ ድፎ ዳቦ ያሳያል። በ1545 እንግሊዝ ፖርትስመዝ ፊት ለፊት የሰጠመችው ሜሪ ሮዝ በጭቃ ተሸፍና ስትኖር፣ በ1967 አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን ይዞት በመጣው ሶናር ከሥር አንድ ነገር እንዳለ ታየ። ጉዳቱ ጠባብነቱ ነው፤ ልክ ከሥሩ ያለችውን መስመር ብቻ ያያል። ቦታው ከጠበበ በኋላ ለማረጋገጥ ይሁን እንጂ ሰፊ ባሕር ለማሰስ አይሆንም። ባለ ብዙ ጨረር ሶናር ደግሞ የወለሉን ጥልቀት በትክክል ይለካል። ለካርታ ግሩም ነው፤ ለተበተነ የእንጨት መርከብ ግን ጎን ቃኚውን አያህልም።

የኔ ምርጫ እንዲህ ነው። የውኃው ጥልቀት ከ30 ሜትር ያነሰ ከሆነ፣ መርከቡም መድፍ የጫነ ከሆነ፣ አንድ መሣሪያ ብቻ የምትችሉ ከሆነ፣ ማግኔቶሜትር። ወለሉ ለጥ ያለ አሸዋ ከሆነ ወይም ጥልቅ ከሆነ ጎን ቃኚ ሶናር። ጭነቱ ሸክላና መዳብ ብቻ የሆነ በጣም ጥንታዊ መርከብ ከሆነ ማግኔቶሜትሩን እቤት ተዉት። ሁለቱንም የምትችሉ ከሆነ በአንድ ጊዜ ጎትቷቸው። የጀልባው ቀን አንድ ነው።

ጠላቂ፣ ባለ ገመድ ሮቦት ወይስ ብቻውን የሚሄድ?

እስከ 40 ሜትር ድረስ ጠላቂን የሚያህል መሣሪያ የለም ባይ ነኝ። እጁ በጨለማ ዳብሶ እንጨትን ከድንጋይ ይለያል። አንድን ሸክላ ሳይሰብር ከአሸዋ ያላቅቃል። ለ20 ሜትር ውኃ ትልቅ ሮቦት ማምጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ከዚያ በታች ግን ሒሳቡ ይቀየራል። ኡሉቡሩን ከ44 እስከ 61 ሜትር ላይ ነበር። ጠላቂዎቹ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ይሠሩ ነበር፤ ናይትሮጅኑ ራስ ያደነዝዛል፣ ሲወጡም ቀስ ብሎ ነው። ከ1984 እስከ 1994 ቆፍረው ለመጨረስ 22,413 ጊዜ ጠልቀዋል።

በዚያ ዘመን የእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ በሜትር እየተለካ ነበር የሚመዘገበው። አሁን ጠላቂው በካሜራ ከዳር እስከ ዳር ያነሳል፤ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ሰፍቶ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ያወጣል። ከሁሉም አዳዲስ መሣሪያ ለአነስተኛ ቡድን ትልቁ ስጦታ ይህ ነው። ካሜራው ውድ መሆን የለበትም። ሥርዓቱ ነው ወሳኙ፤ ፎቶው እርስ በርሱ በደንብ መደራረብ አለበት፣ መለኪያ ዘንግም በሥዕሉ ውስጥ መግባት አለበት።

ለጥልቁ ባሕር ሁለት ዓይነት ሮቦት አለ። አንዱ በኬብል ከመርከብ ጋር የተያያዘ ነው። ኃይልም ትእዛዝም በኬብሉ ይወርዳል፤ ምስል በዚያው ይወጣል። ክንድ አለው፣ ያነሳል፣ ይቆርጣል። ግን ኬብሉ መርከቡን አስሮ ይይዘዋል። ሌላው ባትሪውን ይዞ ብቻውን ይሄዳል። የተሰጠውን ትልም አርሶ ይመለሳል። ሰፊ ቦታ ለማሰስ እሱን የሚስተካከል የለም። በ2015 ከካርታሄና፣ ኮሎምቢያ አጠገብ በ1708 የሰጠመውን የስፔን መርከብ ሳን ሆሴን ያገኘው ሬመስ 6000 የተባለው እንዲህ ያለ ሮቦት ነው። ወደ ፍርስራሹ ወርዶ የነሐስ መድፎቹን ፎቶ አነሳ። መድፎቹ ላይ የዶልፊን ቅርጽ ነበረባቸው፤ መርከቡ በዚያ ታወቀ።

ብቻውን የሄደ ግን ላይመለስ ይችላል። የአንታርክቲካ አሳሹ ሻክልተን መርከብ ኢንዱራንስ በ1915 አንታርክቲካ ዌዴል ባሕር ውስጥ በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጠመች። በ2019 የሄደው ቡድን ያለ ገመድ የሚሄድ ሮቦት በበረዶው ሥር ላከ። ሮቦቱ እዚያው ቀረ። በ2022 እንደገና ሲመጡ ሌላ ዓይነት መረጡ። ሳበርቱዝ የተባለው የራሱ ባትሪ አለው፤ ግን በቀጭን የፋይበር መስመር ከመርከቡ ጋር ይነጋገራል። ማርች 5 ቀን፣ 3,008 ሜትር ላይ፣ ኢንዱራንስ ተገኘች። የስሟ ፊደላት ከኋላዋ ላይ ይነበባሉ። የመርከቧ መሪ ዎርስሊ በ1915 ፀሐይና ከዋክብትን አይቶ ቦታ በሚለካ ሴክስታንት ለክቶ ከጻፈው ቦታ የራቀችው 4 የባሕር ማይል ያህል ብቻ ነው። እዚህም ያ አሮጌ ወረቀት ሥራውን ሠርቷል። በረዶ ባለበት፣ መረብ በሚጣልበት፣ መርከብ በሚበዛበት ባሕር እኔ ቀጭኑን መስመር እመርጣለሁ።

መቆፈሪያው

እዚህ ላይ አላመቻምችም። ፊሸርና የሱ ዘመን ሰዎች የጀልባውን ሞተር ግፊት በትልቅ ክርን ቱቦ ወደ ታች ይመልሱት ነበር። በደቂቃዎች ውስጥ ሰፊ ጉድጓድ ይከፈታል። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው። ግን ሸክላውን፣ ገመዱን፣ ፍሬውን፣ የሰዉን አጥንት አንድ ላይ አመሳቅሎ ይወስዳል። ከከበረው ብረት በቀር ምንም አይተርፍም።

ሌላው አማራጭ የአየር መሳቢያ ቱቦ ነው። ከታች በኩል አየር ይገባበታል፤ አየሩ ወደ ላይ ሲሮጥ ውኃና አሸዋ ይዞ ይወጣል። ጠላቂው አሸዋውን በእጁ ወደ ቱቦው ያራግባል። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ አንዲት ካሬ ሜትር ላይጨርስ ይችላል። ግብፅ ቀይ ባሕር ዳርቻ ሳዳና ደሴት አጠገብ በ1990ዎቹ የተቆፈረው የ18ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ ምን እንዳተረፈ እዩ። የቻይና ሸክላ ብቻ አልነበረም፤ ኮኮናት፣ ቅመም፣ የቡና ፍሬ ተገኝቷል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ባሕር ውስጥ የቆየ የቡና ፍሬ! በሞተር ግፊት ቢቆፈር ያ ፍሬ ተበትኖ ቀርቶ ነበር።

ሙሉውን ማንሳት፣ በቁራጭ ማውጣት ወይስ መተው?

ሙሉውን ማንሳት ዓይን ይማርካል። ስዊድን ውስጥ ቫሳ በ1628 ከወደቧ ገና እንደወጣች ሰጠመች። አንደርስ ፍራንሴን የተባለው ፈላጊዋ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል ጨው ባነሰው ባልቲክ ውስጥ እንደማይኖር ያውቅ ነበር። በ1956 በትንሽ ናሙና ማውጫ ጥቁር የኦክ እንጨት ይዞ ወጣ። ጠላቂዎች በ32 ሜትር ጥልቀት፣ በጨለማ፣ ከመርከቧ ሥር በውኃ ግፊት ስድስት ዋሻ ቆፈሩ። የብረት ገመድ አሳልፈው፣ በደረጃ ወደ ዳር አምጥተው፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1961 አወጧት።

እንግሊዞች ሜሪ ሮዝን ኦክቶበር 11 ቀን 1982 ሲያነሱ ሕዝብ በቴሌቪዥን ቀጥታ ያይ ነበር። መርከቧ ከላይዋ ባለ የብረት ፍሬም ላይ ተንጠልጥላለች። ድንገት አንድ ማያያዣ ለቀቀና የፍሬሙ አንድ ጥግ ወደ ታች ተምዘገዘገ። ድምፁ ተሰማ። እንደ ዕድል መርከቧ ተረፈች።

ላ ቤልን የቴክሳስ ሰዎች በሌላ መንገድ ሄዱባት። ውኃው 4 ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዙሪያዋን በድርብ የብረት ግድግዳ አጥረው ውኃውን በፓምፕ አወጡት። ከዚያ ልክ እንደ የብስ ቁፋሮ በእጅ ሠሩ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ዕቃ ወጣ፤ ብዙው ጥቃቅን ጨሌ ነው። ለዝቅተኛና ድፍርስ ውኃ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ቻይናዎች ደግሞ በ2007 ናንሃይ ቁጥር 1 የተባለውን የሶንግ ዘመን መርከብ ከነጭቃው በትልቅ የብረት ሣጥን ውስጥ አድርገው አነሱት፤ ቁፋሮው ሙዚየም ውስጥ ተካሄደ። ይህ የመንግሥት ካዝና ላለው ብቻ ነው።

በአየር ማንሳትም አለ፤ ለዚህ ምጽዋን የሚያህል ምሳሌ የለም። በ1941 ጣሊያኖች ምጽዋን ሊለቁ ሲሉ መርከቦችንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎችን አስጥመው ወደቡን ዘጉት። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንኑ ኤድዋርድ ኤልስበርግ መጣ። ትልቁ መጠገኛ በቦምብ ተበሳስቶ ወለል ላይ ተቀምጧል። ኤልስበርግ ከታች ያለውን ቀዳዳ ተወው። ከላይ ያለውን አየር እንዳያስወጣ ደፈነና በኮምፕረሰር አየር ነፋበት። ውኃው በገባበት ቀዳዳ ወጣ። መጠገኛው ተነሳ። ለብረት ይህ ድንቅ ዘዴ ነው። ለ400 ዓመት እንጨት ግን አይሞከርም፤ ይሰነጥቀዋል።

እንግዲህ ያቺ አራተኛዋ ጥያቄ እዚህ ትመጣለች። ለዘመናት ውኃ የጠጣ እንጨት ቅርጹን የያዘው በውኃው ነው። ከደረቀ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈርሳል። ስለዚህ ውኃው ቀስ እያለ ፖሊኢትሊን ግላይኮል በሚባል ሰም መሰል ነገር መተካት አለበት። ቫሳ ላይ ይህ ለ17 ዓመት ተረጨ። ሜሪ ሮዝ ላይ መርጨቱ የቆመው በ2013 ነው፤ ከወጣች ከ30 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያም ሆኖ በ2000 ዝናብ በበዛበት ጊዜ ቫሳ እንጨት ላይ ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ ታየ። እንጨቱ ውስጥ የተጠራቀመው ድኝ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ እየተለወጠ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ብሎኖቿ በማይዝግ ብረት ተቀየሩ። የብረት መድፍም እንዲሁ ነው። ጨዉ በኤሌክትሪክ ዘዴ ለዓመታት ካልወጣለት አየር ላይ ቅርፊቱ እየተላጠ ያልቃል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የማቆያ ላቦራቶሪ፣ በጀትና ሰው ከሌለ አይነሳ። ዩኔስኮ በ2001 ያጸደቀው ስምምነትም ባለበት መጠበቅን የመጀመሪያ ምርጫ ያደርጋል፤ ለንግድ መቸርቸርን ይከለክላል። መተው ማለት መርሳት አይደለም። ጥቁር ባሕር ውስጥ ከ2 ኪሎ ሜትር በታች፣ ኦክስጅን በሌለበት፣ ከ2,400 ዓመት ገደማ ጀምሮ ከነምሰሶው ሳይፈርስ የቆየ የግሪክ ነጋዴ መርከብ በሮቦት ካሜራ ተቀርጿል። እዚያው ይቆይ። ከዚያ የተሻለ ሙዚየም ማንም አይሠራለትም።

ሕጉንም አትርሱ። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በ2007 በ1804 ከሰጠመችው የስፔን ጦር መርከብ ሜርሴዴስ 17 ቶን ገደማ ሳንቲም አወጣ። ሮቦቱ ሠራ፣ ቴክኖሎጂው ሠራ። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ግን ሳንቲሙ የስፔን ነው አለ። በ2012 ወደ ስፔን በአውሮፕላን ተመለሰ። የጦር መርከብ ከሆነ ቢሰጥምም ባለቤት አለው። የሕግ ሰው ከሶናሩ በፊት ይቀጠር።

ቀይ ባሕር ላይ ቢሆንስ?

ይህ ለኛ ቅርብ ነው። በ1990ዎቹ ከምጽዋ ወዲያ ዳህላክ አካባቢ ባለችው ጥቁር አሳርካ ደሴት አጠገብ የአክሱም ዘመን መርከብ ፍርስራሽ ተጠንቷል። የተረፈው በዋናነት እንስራ ነው። ቀጭን፣ ሽንትር ሽንትር ያለው፣ ወደ ታች የሚሾል። ይህ ዓይነት እንስራ በዓቃባ (በዛሬዋ ዮርዳኖስ፣ የጥንት ስሟ አይላ) ተሠርቶ አዱሊስና አክሱም ድረስ ይመጣ ነበር፤ ተመራማሪዎችም አይላ አክሱም ብለው ይጠሩታል። አያቶቻችን የተቀበሉት ጭነት እዚያ ተኝቷል።

እንዲህ ላለ ባሕር ምን እመርጣለሁ? ብረት ስለሌለበት ማግኔቶሜትር አልይዝም። ኮራሉ ሶናሩን ያደናግረዋል፤ ስለዚህ ጎን ቃኚውን ከኮራሉ ወጣ ባለው አሸዋ ላይ ብቻ እጎትታለሁ። ኮራሉን ራሱን በጠላቂ ዓይን አስሳለሁ፤ ውኃው ጥርት ያለ ነው። ከዚያ በፊት ግን ከዓሣ አጥማጆች ጋር ሻይ እጠጣለሁ። መረቡ የሚያዝበትን ቦታ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ለመመዝገብ ካሜራ፣ ለመቆፈር የአየር መሳቢያ። የሚነሳው ደግሞ በአገሩ ሕግና በአገሩ ሙዚየም ፈቃድ ብቻ ነው።

በገልፍ አገሮች ቅዳሜና እሁድ የምትጠልቁ ወገኖቼ አንድ ቀን አሸዋ ውስጥ የእንስራ አንገት ልታዩ ትችላላችሁ። አትንኩት። ከሩቅና ከቅርብ ፎቶ አንሱት፤ አጠገቡ ቢላችሁን ወይም የእጅ ሰዓታችሁን አድርጉ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ጀልባው ላይ ስትወጡ ጂፒኤሱን መዝግቡ። ለአገሩ የቅርስ መሥሪያ ቤት ንገሩ፤ ፌስቡክ ላይ ቦታውን አትለጥፉ። መረብ ጎትቶ ካወጣው ግን፣ ያው ወጥቷል። ባልዲ ውስጥ በዚያው የባሕር ውኃ ዝፈቁት፣ ክዳን አድርጉበት፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። አትጠቡት፣ አትፈግፍጉት፣ እንዲደርቅም አትተዉት።